የአባ ጉራቻና የአባ ዳማ የእሑድ ጉዞ

እሑድ፣ ኅዳር 6 ቀን። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ዛሬ ከጎሮ አላለፍንም። ጥፋተኛው ቶላ ነው። ከሮቤ ወጥተን፣ የመንግሥት እርሻውን ስንዴ በግራ ትተን፣ በደህና ስንጓዝ ሳለ ትንሿን ድልድይ ዘለላት። ሐጂ ከድር "ወደቅህ!" ብሎ ጮኸ። ቶላ አልወደቅሁም አለ። በበጋ ወንዙ ደረቅ ነው፣ በጎን አቋርጬ ነው ያለፍኩት አለ። ጭቅጭቅ ሆነ። ፈረድኩ። ጥፋት ነው። በሕጋችን የዘለለ ሰው ሁላችንንም ወደ ሮቤ ይመልሳል። ተመለስን፤ እንደገና ጀመርን። ጎሮ ስንደርስ ቶላ የሚሳፈርበት የአጋርፋ አውቶቡስ ሰዓት ደረሰ።

ደብተር፣ አንተ አዲስ ነህ። የፊተኛው ሞልቶ ሳጥን ገብቷል። ስለዚህ አንድ ጊዜ እነግርሃለሁ፤ አልደግምም።

ሦስት ሽማግሌዎች ነን። ሦስታችንም ሞተር ብስክሌት ላይ ያረጀን። እኔ የመንገድ ሥራ መልእክተኛ ነበርኩ፤ ሐጂ የጎባ ነጋዴ፤ ቶላ የአጋርፋ ገበሬ። ዛሬ ቤንዚን በኩፖን ነው፤ ለግል ሞተር ኩፖን አይሰጥም። ራቅ ብሎ መሄጃ የይለፍ ወረቀት ነው፤ የይለፍ ወረቀት ላይ "መንገዱ ናፍቆኝ" ተብሎ አይጻፍም። ስለዚህ እሑድ እሑድ እዚህ ሮቤ በኔ ጋራዥ ተሰብስበን በአፍ እንጓዛለን። አንዱ ይመራል፤ መንገዱን ኩርባ በኩርባ ይናገራል። ሌሎቹ ይከተላሉ። "ወደ ግራ" ሲል ወደ ግራ ማጋደል ግዴታ ነው። "ጭቃ" ሲል እግር ይወርዳል። ማንቀላፋት እንደ መውደቅ ይቆጠራል። ልጄ ዘነበች ጨዋታችሁ ትለዋለች። ጨዋታ አይደለም። ጨዋታ አልወድም።

አጠራራችን እንደ ዱሮ ፈረሰኛ ነው። ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። የኔ ሞተር ጥቁር ነው፤ ኦሮሞው ጥቁሩን ጉራቻ ይላል፤ እኔ አባ ጉራቻ ነኝ። የሐጂ ሞተር ቀይ ነው፤ እሱ አባ ዳማ። የቶላው የቤንዚን ጋኑ ላይ ነጭ መስመር ነበረው፤ አባ ቦራ። ቦራ በጦርነቱ ጊዜ ተሸጧል። ቶላ አሁን ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስሙን ግን አልወሰድንበትም። ስም አይሸጥም።

ሐጂ ዳማን ጎባ ትቶ ኮርቻውን ብቻ ፈቶ በአውቶቡስ ይዞ ይመጣል። በጋቢ ጠቅልሎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ። እዚህ ሲደርስ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ያስረውና ይፈናጠጣል። በሰው ኮርቻ አልነዳም ባይ ነው። ትክክል ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8። ከጧቱ 4 ሰዓት።

ውርጭ። ሣሩ ነጭ ሆኖ አደረ። ጉልበቴ ታስሯል። ዘነበች ቅቤ ልሽህ አለች። (ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔ ዘንድ ናት።) እምቢ አልኳት። ጉልበት ከተሸ ይለምዳል።

"እንግዲያው ሞተሩን እቀባዋለሁ፤ እሱ እንዳንተ አይግደረደርም" አለች። ምላሷ የእናቷ ነው።

በ3 ሰዓት የጎረቤት ወፍጮ ተነሳ። የምጠብቀው እሱን ነበር። ወፍጮው ሲጮህ ሰፈሩ ሌላ ድምፅ አይሰማም። በሩን ዘጋሁ። አንድ ረገጣ። ጉራቻ ተነሳ። ቆሜ አዳመጥኩት። ትንፋሹ እኩል ነው። ጭሱ ንጹሕ። እጄን የቤንዚን ጋኑ፣ ሳልባትዮው፣ ላይ አድርጌ፣ መንቀጥቀጡ ክርኔ እስኪደርስ። ከዚያ ጥፍት። ወፍጮ ሳይቆም ማጥፋት ያስፈልጋል።

ከኩፖኑ በፊት ያስቀመጥኳት አንዲት ጀሪካን ቤንዚን ከእንጨት ክምሩ ሥር አለች። በማንኪያ እንደሚሰጥ መድኃኒት ነው የምሰጠው። ቢያገኙብኝ "ነዳጅ ማከማቸት" ይሉታል። ዘነበች ብቻ ታውቃለች። ሐጂ አያውቅም። ለሐጂ የነገሩት ነገር ሳይመሽ ጎባ ገበያ ነው። ሁልጊዜ "ጉራቻ ደህና ነው?" ይላል። "ደህና ነው" እላለሁ። በዚህ ያበቃል።

እሑድ፣ ኅዳር 13። ማታ።

ጥሩ ጉዞ። ሶፍ ዑመር ደረስን።

የመራው ሐጂ ነው። ማንም አልወደቀም። ከጎሮ ወርደን ሙቀቱ ከታች ሲቀበለን "ካፖርት አውልቁ!" አለ። አወለቅን። ጋራዡ እንደ ዋሻ ቀዝቃዛ ነው። ቶላ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ።

"ቆላ ነው፤ ምን ያንቀጠቅጥሃል?" አለው ሐጂ።

"የናንተ ቆላ ነፋስ ያስገባል" አለ ቶላ።

ካፖርቱን የለበሰ ግን የለም። ሐጂ ራሱ ሳል ጀመረው፤ ከቁልቁለቱ አቧራ ነው አለ።

ሶፍ ዑመር ዋርካው ሥር አቆምን። ከዚያ የዱሮውን አነሣን። ለዝያራ በሚመጣው ሕዝብ መካከል ሞተረኛው ሁሉ የሚሰበሰብበትን ጊዜ። ከጊኒር፣ ከጎባ፣ ከዶዶላ። አንዱ ከብድሬ የመጣ፣ በጎን ቅርጫት ያለው ሞተር ላይ ፍየል ጭኖ፤ ፍየሏ መነጽሩን ስትልስለት። ሞተሮቹን አፋቸውን ወደ ወይብ ወንዝ አዙረን በመስመር አቆምናቸው። አንድ ሽማግሌ ሼህ ተነሥተው እንደ ፈረስ ዱዓ አደረጉላቸው። እኔ ክርስቲያኑም ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩ። ከዚያ ሁላችን ባንድ ጊዜ ጥሩንባ ነፋን። ዋሻው መለሰልን። የሌሊት ወፍ እንደ ጭስ ወጣ። ያው ሼህ በከዘራቸው አባረሩን።

ሐጂ በዚያ ቀን ከነዳማ ወንዝ ገብቷል። ቶላ ዝም ቢል ምን ነበረበት፤ አነሣው።

"ፍሬኑ ነው!" አለ ሐጂ።

"ዓይንህ ነው። ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ስታይ።"

"አቦ ተወኝ! ዳማ ውኃ ጠማው፤ አጠጣሁት።"

ቶላ "አባ ጉራቻ ሳቀ" አለ። አልሳቅሁም። አቧራ ነው።

ለሚመጣው እሑድ ተስማማን። ከሶፍ ዑመር ወደ ጊኒር። የምመራው እኔ። ሐጂ ኮርቻውን ታቅፎ፣ እንደ ሙሽራ ደስ ብሎት ሄደ። እንዲህ ሲሆን አልወድም። ደስ ሲለው ያወራል።

ሰኞ፣ ኅዳር 14።

ሐጂን ይዘውታል።

የጎባው አውቶቡስ ረዳት ነው የነገረኝ። ትናንት በመንገድ ላይ አንዱ ተሳፋሪ የታቀፉት ምንድን ነው አለው። ሐጂ ተናገረ። አውቶቡሱ በሙሉ ሰማ። "በሚመጣው እሑድ ጊኒር እንወርዳለን። አባ ጉራቻ ይመራናል። አባ ቦራም አለ።" ኬላው ላይ ሲቆሙ ያው ተሳፋሪ ወርዶ ለጠባቂዎቹ አንሾካሾከ። ጠባቂው ገብቶ "የይለፍ ወረቀት!" አለ። ሐጂ፣ እኛ ለምንሄድበት ይለፍ አያስፈልግም አለ። አስወረዱት። ከነኮርቻው።

ቆላው ሽፍታ አለበት የሚባልበት ዘመን ነው። የፈረስ ስም ይዘው ወደ ቆላ የሚወርዱ ሰዎች። እንዴት እንደተሰማ ይገባኛል።

ረዳቱ ያዝናል። "ጋሽ አያሌው፣ ወሬ ነው ቢሉ እኮ ይለቋቸው ነበር። 'የሽማግሌ ወሬ ነው በሉ' አልኳቸው። 'ወሬ አይደለም፤ ጉዞ ነው' አሉኝ።"

እኔም እንደዚያው ነበር የምል። መከራው እሱ ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 16። ከሰዓት በኋላ።

ቀበሌ ጽ/ቤት ተጠራሁ። ሊ/መንበሩ ታደለ፣ ከአውራጃ የመጣ አንድ ካድሬ፣ አንድ ጸሐፊ። ታደለን ቁመቱ ጎማ ሲያክል ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከሞተሬ ኋላ ሲሮጥ ነው ያደገው። ዛሬ ጓድ ነው። ወንበር ሰጠኝ። አልተቀመጥኩም።

እዚህ ላይ የተባለውን እንዳለ እጽፋለሁ። ሌላ ሰው ሲያወራው ያጣምመዋል።

"አባ ጉራቻ የሚባለው ማን ነው?" አለ ካድሬው።

"እኔ።"

"የድርጅት ስም ነው?"

"የሞተር ስም ነው።"

"አባ ቦራስ?"

"እሱም። ግን ሞተሩ ተሸጧል።"

"ስለዚህ አባ ቦራ የሚባል የለም።"

"ሰውየው አለ። የሌለው ሞተሩ ነው።"

ጻፈ። ሰረዘ። እንደገና ጻፈ።

"ጊኒር ልትወርዱ ነበር?"

"አዎ።"

"በምን?"

"በአፍ።"

ብዕሩን አስቀመጠ። ታደለ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ካድሬው አልሳቀም። ክፉ ሰው አይመስለኝም። የሚጽፈው ያጣ ሰው ነው።

በመጨረሻ ፈረደ። ሞተሩ የሚሠራ ከሆነ የተደበቀ ተሽከርካሪ ነው፤ ቤንዚንም አለው፤ መሄጃም አለው፤ ስለዚህ አሳብ ነበራችሁ። የማይሠራ ከሆነ የሽማግሌ ወሬ ነው። እሑድ ከቀበሌው ስብሰባ በኋላ ሞተሩ ይውጣ፤ እርስዎ በሕዝብ ፊት ያስነሡት። ካልተነሣ ጎባ ያሉት ሰውዬ ይለቀቃሉ። ከተነሣ እርስዎም ይጨመራሉ።

ታደለ እስከ በር ሸኘኝ። በሹክሹክታ፦ ባይነሣ ለሁሉም ይሻላል።

"ሞተሬ አልነሣም ብሎ አያውቅም" አልኩት። "ዋሽ ነው የምትለኝ?"

"ኧረ ጋሼ! ያርጁ ነው የምልዎት። አንድ ቀን ብቻ ያርጁ።"

ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 18። ከጧቱ 4 ሰዓት።

የሐጂ ባለቤት ወ/ሮ ፋጡማ መጣች። ከጎባ። በር ላይ ቆመች፤ ግቢ ብትባል አልገባም አለች። ስንቅ ታመላልሳለች። ሳሉ ብሷል። ያ የእሑዱ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ሌሊቱ የጎባ ሌሊት ነው። ትናንት ምሳው እንዳለ ተመለሰላት።

"ጋሽ አያሌው፣ እርስዎን ብረት ናቸው ይላሉ። ብረት ሳል አይዘውም። የኔ ሰውዬ ሥጋ ነው።"

ወንበር አወጣሁላት፤ አልተቀመጠችም።

ከዚያ መልእክት አለ አለች። ሐጂ የካድሬውን ፍርድ ሰምቶ በስንቅ መስጫው ቀዳዳ የተናገረውን። ቃል በቃል ነገረችኝ፦ "ለአባ ጉራቻ ንገሪው። ጉራቻ ሞቷል እንዳይል። ከዚህ የምወጣው በዚያ ከሆነ አልወጣም።"

ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

"አደራ ስለሆነ አደረስኩ። አላህ ያውቃል፤ አንድ ቃል አላስቀረሁም። አሁን ደግሞ እለምንዎታለሁ፤ አይስሙት።"

ሄደች። እዚያው በር ላይ ቀረሁ። እስከ ምን ድረስ እንደቆምኩ ዘነበች ታውቃለች፤ ሁለቴ ጠራችኝ።

ቶላ በአውቶቡስ ሹፌር መልእክት ልኳል። ጉልበቱን አሞታል፤ እሑድ አይመጣም። ፈርቷል። አልፈርድበትም።

እፈርድበታለሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19። ከሰዓት በኋላ።

ወፍጮው ሲጮህ አስነሣሁት። አንድ ረገጣ። አንዳንድ ቀን ሁለት ያስፈልገዋል። ዛሬ አንድ።

እንዴት እንደማይነሣ አስቤያለሁ። የቤንዚን ቧንቧውን መዝጋት አይበቃም፤ ካርቡራቶሩ የያዘው አለ፤ ተነሥቶ ነው የሚጠፋ። ያ የባሰ ነው። የካንዴላውን ሽቦ መንቀል ይታያል። የሚሻለው ከትንሿ ክዳን ሥር ያሉት ሁለቱ የፕላቲን ጥርሶች ናቸው። ሲነካኩና ሲለያዩ ነው እሳት የሚወለድ። በመካከላቸው ጣት የማይሞላ ወረቀት ካለ እሳት የለም። ከውጭ ደህና ነው። ሲረገጥ ይዞራል። ነፍስ ግን የለውም።

ደብተር፣ ወረቀቱን ከጠርዝህ ቆረጥኩ። ይቅርታ አልጠይቅም።

አስገባሁት። አወጣሁት። እንደገና አስገባሁት። ዘነበች ከበሩ ታየኛለች። መጥታ አጎንብሳ አየች።

"አስከሬን አፍንጫ ላይ ጥጥ እንደሚደረገው" አለች።

ሂጂ ሥራሽን ሥሪ አልኳት። ሄደች። ወረቀቱን አወጣሁት።

ጀሪካኗን ከእንጨቱ ሥር አውጥቼ ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሰጠሁት። ፋኖስህን ጥረግበት አልኩት። ከየት ነው አላለም። ሳልባትዮውንም አፈሰስኩ። ይህን ያህል አድርጌያለሁ። ከዚህ የሚያልፈውን ገና አልወሰንኩም። ሐጂ አትበል ብሏል። ሐጂ ይሳልላል። ሁለቱም ሐጂ ነው። የትኛውን እሰማለሁ?

በሕይወቴ ሰው ፊት ቆሜ የሌለውን አለ፣ ያለውን የለም ብዬ አላውቅም። ጥቅም እንደሌለው ስለማውቅ ነው እንጂ ቅዱስ ስለሆንኩ አይደለም።

እሑድ፣ ኅዳር 20። ማታ።

አልቋል። እጽፈዋለሁ።

ስብሰባው ረዘመ። የመሠረተ ትምህርት፣ የአጨዳ ዘመቻ። ያልተማሩ አዛውንት ይመዝገቡ ተባለ፤ ሁለት ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ። እኔን ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ከመንገድ ምልክትና ከጆንያ ላይ ለቃቅሜ ነው ያነበብኩት። የቀበሌው ሰሌዳ ላይ ያለውን ስሕተት ዓምና ነግሬአቸዋለሁ። ዛሬም አለ።

ከዚያ ጉራቻ ወጣ። ራሴ ገፍቼ አመጣሁት፤ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ሕዝቡ ክብ ሠራ። ልጆች ግንብ ላይ። ካድሬው ጋኑን ከፍቶ አየ፤ ደረቅ። ይህን ያሰበበት አይመስለኝም ነበር። አስቦበታል። ከመኪናው በጠርሙስ ቤንዚን አስመጥቶ ራሱ ጨመረ።

"አሁን ምክንያት የለም፤ ይርገጡ" አለ።

ረገጥኩ። ምንም።

ደገምኩ። ይህን እግር አውቀዋለሁ። እሳት ሲኖር ፔዳሉ መልሶ ይገፋል፤ እንደሚነቃ ሰው ነው። ዛሬ የሚገፋኝ ነገር አልነበረም። ረገጥኩ። ላቤ ዓይኔ ገባ። ከኋላ አንዱ "ጋሽ አያሌው፣ ገብስ ይስጡት እንጂ!" አለ። ሳቅ ሆነ። ሌላው "ድርቆሽ ነው የለመደው!" አለ። ረገጥኩ። ጉልበቴ ሲጮህ አጠገቤ ያለው ሰው የሰማው ይመስለኛል። ታደለ መሬት መሬት ያይ ነበር። አንዲት አሮጊት "ተዉአቸው፤ ልባቸው ይቆማል!" ብላ ጮኸች።

"ይበቃል አባት" አለ ካድሬው። "ለሕዝቡ ይናገሩ።"

ምን እንድል እንደሚፈልግ አውቃለሁ።

"አርጅተናል" አልኩ።

ታደለ ከንፈሩን ነክሶ ጻፈ። አለቀ።

ወደ ቤት ስመለስ ወጣቶች መጥተው ይገፉልኝ ጀመር። አልከለከልኳቸውም። መግፋት አልቻልኩም ነበር። ይህኛው ውሸት አይደለም።

ጋራዡን ዘግቼ ወረቀቱን አወጣሁት። ዘነበች ሳትጠይቀኝ ቅቤውን ይዛ መጣች። ጉልበቴን ዘረጋሁላት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 23።

ሐጂ ትናንት ተለቀቀ። ረዳቱ በመስኮት ጮኾ ነገረኝ። ተመስገን።

ወፍጮው እየጮኸ ነው። የካድሬው ቤንዚን ጋኑ ውስጥ አለ፤ ከመንግሥት ያገኘሁት የመጀመሪያው ኩፖን በለው። በሩን ዘጋሁ። እግሬን አነሣሁ። ሳልረግጥ አወረድኩት።

ከዚህ በፊት ቢሰማ እኔ ነበርኩ የምጠየቅ። አሁን ቢሰማ ሐጂ ይመለሳል። ወፍጮ ደግሞ ቀበቶው ሲበጠስ ሳይናገር ይቆማል። እንግዲህ ጉራቻ ሕያው ሆኖ ሞቶ ይኖራል። እኔም አብሬው። ጋራዡ ዛሬ ጠበበኝ። በር ብከፍት ሰው ያያል፤ ብዘጋ ከሱ ጋር እቀራለሁ።

እሑድ ሐጂ ይመጣል።

እሑድ፣ ኅዳር 27።

አልመጣም።

የጎባው አውቶቡስ አለፈ። ሁለተኛውም። ቶላም የለም። አግዳሚ ወንበሩን ጠረግሁ። ብቻዬን ወደ ጊኒር መምራት ጀመርኩ። የሚቃወም ሰው ከሌለ መንገድ አይረዝምም፤ ወዲያው ደረስኩ። እንዲህ ያለ ጊኒር አይረባም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 29። ማታ 1 ሰዓት።

ወ/ሮ ፋጡማ መጣች። ዛሬ ገብታ ተቀመጠች። ሳትጋበዝ።

የወሰዱት ሰውና የመለሱት ሰው አንድ አይደለም ትላለች። ሳሉ ለቆታል። ይበላል፤ ብላ ሲባል ነው። ሱቁን አይከፍትም። መስጊድ ደርሶ ይመለሳል፤ ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ። የመታኝ የለም ይላል። የሰደበኝም የለም ይላል። የተፈታበትን ምክንያት ከነገሩት በኋላ ነው እንዲህ የሆነው። "ባልንጀራዎ በሕዝብ ፊት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም፤ አርጅተናል ብለዋል" አሉት። ሦስት ጊዜ አስደግሟቸዋል።

"አባ ጉራቻ ሞቶ አባ ዳማ ምን ይሠራል?" ነው የሚለው።

ዳማን ለአንጥረኛ ሰጥቷል። ሐሙስ መጥቶ ይወስደዋል። ማረሻ ይወጣዋል ብሎታል።

"ያ ብረት ከቤቴ በወጣ እያልኩ ስንት ዘመን ዱዓ አደረግሁ" አለች ፋጡማ። "አሁን ሊወጣ ነው። ሰውዬው ተከትሎት ይወጣብኛል። ጋሽ አያሌው፣ ይምጡና አንድ ነገር ይበሉት።"

"ምን ልበለው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። የናንተን ነገር።"

የመጨረሻውን አውቶቡስ እንዳታጣ ሸኘኋት። ከዚያ ወዲህ ተቀምጫለሁ።

ብነግረው ደስ ይለዋል። ደስ ሲለው ያወራል። ለኢማሙ፣ ለሱቁ ደንበኛ፣ ለአውቶቡሱ። ያኔ ተመልሶ ሲሚንቶው ላይ ነው፤ እኔም ሕዝብና መንግሥት አታላይ ሆኜ። ባልነግረው ሐሙስ አንጥረኛው ይመጣል። ዳማ ማረሻ ይሆናል። ሐጂም ግድግዳውን እያየ ያልቃል። በውሸቴ ከእስር አወጣሁት፤ በውሸቴ ቤቱ ውስጥ ዘግቼበታለሁ።

ታደለ አንድ ቀን ያርጁ አለኝ። አንድ ቀን አርጅቻለሁ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባሁም።

ሰውዬው ከታሰረበት ቀዳዳ አፉን አድርጎ "ሞቷል እንዳይል" አለኝ። ነፍሱን ይዞ ነው ያለኝ። እንዲህ ላለ ሰው የምሰጠው የተቆረጠ ወረቀት አይደለም።

ወሰንኩ። ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ጎባ እወጣለሁ። ፋጡማን ከክፍሉ አስወጣለሁ። በጆሮው፣ "በአንድ ረገጣ ይነሣል" እለዋለሁ። ወረቀቱን አሳየዋለሁ። ዳማን ለአንጥረኛ ከሰጠህ አላውቅህም እለዋለሁ። ከዚያ ዝም በል እለዋለሁ። አይችልም። አውቃለሁ። እስከ ሐሙስ ቢችል ይበቃኛል።

ዘነበችን ጠርቼ ሁለት ብርድ ልብስ ከሳጥን አውጥተሽ አናፍሺ፣ በር አጠገብም አስቀምጪ አልኳት። ወፍራሞቹን። የት ልትሄድ ነው አለች። አንድ ቀን ሊወስዱኝ ቢመጡ ለመፈለግ ጊዜ አይሰጡም አልኳት። ገባት። ተቀመጠች። ከዚያ፦

"ታዲያ ሁለት ለምን?"

"ሐጂ ያስለዋል" አልኳት።